ከቁፋሮ በኋላ ያለው ትምህርት



ዛሬ እዚህ ቱላ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ድህረ ምረቃ ትምህርት ነው። በተለይም የከርሰ ምድር ውሃ አስተዳደርንና ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድን አጣምሮ ስለሚያስተምረው ዘርፍ። ስሙ ሲጠራ ይረዝማል፤ ጉዳዩ ግን ደጃችሁ ላይ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ለጊዜው ላቆየውና ከሐይቁ ልነሣ።

የሐዋሳን ሐይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መውጫ ያጣ ሐይቅ ዕጣው የታወቀ ነው። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨዉ ይቀራል፣ ዘመን በተቆጠረ ቁጥር እየከረረ ይሄዳል። ሻላንና አቢጃታን ያየ ሰው ይህንን አይቷል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ይኸው ቆሮሶውም አምባዛውም ይሰገርበታል፤ መውጫ ለሌለው ሐይቅ የማይጠበቅ ለስላሳ ውሃ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዘመን የገባው ጨው የት ገባ?

የሄደው ከሥር ነው። ሐይቁ ለዓይን በማይታይ መንገድ በከርሰ ምድር በኩል ያፈስሳል፤ ጨዉንም አብሮ ይሸኘዋል። ተመራማሪዎች እዚህ ድምዳሜ ላይ የደረሱት በመጀመሪያ በሒሳብ ነው፤ የሚዘንበውን፣ በወንዝ የሚገባውንና የሚተንነውን ደምረው ሲቀንሱ የማይገጥም ቀሪ አገኙ። ከዚያ ደግሞ የውሃውን አይሶቶፕ መረመሩ። ውሃ ሲተን ቀለል ያለው ሞለኪውል ቀድሞ ይሄዳል፣ ከበድ ያለው ይቀራል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ የሐይቅ ውሃ፣ ከዝናብ በቀጥታ ወደ መሬት ከሰረገው ውሃ የሚለይበት ምልክት አለው። ያንን ምልክት ይዞ ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ከሐይቁ መምጣቱን ወይም ከተራራው መውረዱን መለየት ይቻላል። አንድ ጠርሙስ ውሃ የትውልድ አገሩን ይናገራል ማለት ነው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ሐይቁን ካነሣሁ ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህ ሐይቅ እየሞላ መጥቶ የከተማውን ዳርቻ አጥለቅልቆ ነበር፤ ግድብ እስከ መሥራት ተደርሷል። በዚያው ዘመን ከዚህ በስተሰሜን ያለው አቢጃታ እየሸሸ፣ እየጠበበ ነበር። ሁለቱ ሐይቆች ሰማያቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይሞሉ ወይም ሁለቱም ይጎድሉ ነበር። አቢጃታን ያጎደለው በዋናነት ሰው ነው፤ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃው ተስቧል፣ ከዝዋይ በቡልቡላ በኩል የሚደርሰው ውሃም ለመስኖ ሲጠለፍ ኖሯል። ሐዋሳ ለምን ሞላ የሚለው ግን እስካሁን ባለሙያ ያከራክራል። አንዱ የዝናቡን ብዛት ይጠራል፤ ሌላው የምሥራቁ ተዳፋት ሲመነጠር አፈር ታጥቦ ጨለለቃን መሙላቱን፣ ረግረጉም ውሃ የመያዝ ጉልበቱን ማጣቱን ይጠራል። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ፈተና ይህን ቀላል መልስ አለመቀበል ይመስለኛል። ከሰማይ የመጣው ስንት ነው? ከእጃችን የመጣው ስንት ነው? ይህን ሳይለዩ መላመድ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ቁፋሮ ልምጣ፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚጮኸው «ይቆፈር!» ብሎ ነውና።

ጩኸቱ መሠረት አለው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ መሆኑ ይታወሳል። በዚያ ወቅት በአገራችን የድርቅ አካባቢዎች ከ5 ሺህ በላይ የገጠር ውሃ ተቋማት አንድ በአንድ ክትትል ተደርጎባቸው ነበር፤ ውጤቱንም የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አብረው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመውታል። ምንጮች፣ ክፍት ውሃዎችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ድርቁ ሲበረታ ከዱ። ጥልቅ ጉድጓዶች፣ በእጅ ፓምፕም ሆነ በሞተር የሚስቡት፣ ጸኑ። በመሬት ውስጥ ያለ ውሃ የአንድ ዓመት ዝናብ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ተቀማጭ ነው። በአፍሪካ ምድር ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ 0.66 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል እንደሚሆን የእንግሊዝ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ገምተዋል። ለኢትዮጵያም ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው 2.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚለው ቁጥር እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ሀብቱ አለ።

ነገር ግን ያው የድርቁ ጥናት ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ይህኛውን ሰው አይጠቅሰውም። ጥልቅ ጉድጓዶቹን ያዳናቸው ጥልቀታቸው ብቻ አልነበረም። ሲበላሹ ቶሎ የሚደርስ ጠጋኝ፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅና ተከታታይ ክትትል ስለነበረ ነው። ሪግ መጥቶ ቆፍሮ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከተሄደ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው ድርቁን የተሻገረው።

ከቁፋሮ በኋላ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሦስት ቦታዎች ልውሰዳችሁ።

የመጀመሪያው ወንጂ ነው። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ፈለሰ፤ የሚጠጣውም የጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ተቅማጥ አያመጣም። ከዓመታት በኋላ ግን የሠራተኞቹ ልጆች ጥርስ በለዘ። ረጅም ዘመን የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው እየደረቀ፣ ወገባቸው አልታጠፍ፣ አንገታቸው አልዞር አለ፤ ከነርሱም ውስጥ ሽባ የሆኑ ነበሩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሰፊው መዝግበውታል። ጥፋተኛው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ።

ከየት መጣ? ከእሳተ ገሞራው አለት ነው። ፍሎራይድ ካልሲየም ካገኘ ተያይዞ ይዘቅጣል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን በአለቱ መካከል ሲጓዝ ካልሲየሙን ሰጥቶ ሶዲየም ይቀበላል፤ ስለዚህ የሚያዘቅጠው አጥቶ ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። ውሃው የከርሰ ምድር ሙቀት የነካው እንደሆነ ደግሞ ይብሳል። ከደጋው የሚወርደው የምንጭ ውሃ በአመዛኙ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። እዚህ ላይ እናቶች ልብ በሉልኝ፤ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ይጨምራል።

አሁን ነገሩን አገናኙት። ድርቅ ሲመጣ ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ ሰው ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ጥልቅ ጉድጓዱ ደግሞ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። ልጁን ከውሃ ጥም ያዳነ አባት፣ ያንኑ ልጅ ሳያውቅ ለሌላ በሽታ አሳልፎ ይሰጠዋል። የመላመድ ፕሮጀክት ተብሎ በሪፖርት የተመዘገበ ጉድጓድ ጉዳት ሆነ ማለት ነው። ሃይድሮሎጂ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ላያይ ይችላል፤ ሕክምና ብቻ የተማረም ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት አይጠራም። ሁለቱን የሚያገናኝ ባለሙያ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሐሮማያ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ደለል ገባበት፣ ትነቱ በዛ፣ ከተሞቹ ሳቡት፤ ከሁሉም በላይ ጫትና አትክልት ለማጠጣት በዙሪያው ያለ ገበሬ ሁሉ ፓምፕ ተከለ። ሐረርም ውሃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ ቆላ ድረስ ለመውረድ ተገደደች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ በከፊል ተመልሷል፤ እሰየው ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ከነዚያ ገበሬዎች አንዱም ሐይቁን ላድርቅ ብሎ አልተነሣም። እያንዳንዱ የሳበው ለራሱ ማሳ የሚበቃ ጥቂት ነበር። ጥቂቱን ደምሮ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም። ወንዶ ገነት አካባቢ ጫት በመስኖ ሲለማ የሚያይ ሰው ይህንን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባም።

ሦስተኛው ቦረና ነው። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ከከተማችሁ ጋር ሞክሼ ናቸው፤ ቱላ ይባላሉ። ዘጠኝ የጉድጓድ መንደሮች ናቸው። ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ላይ ያወጣሉ። ጎብኚ የሚያደንቀው ዘፈኑን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከላይ ቆሞ ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ነው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ጉድጓዱን ለመጥረግ ማን እንደሚወጣ በሕግ የተወሰነ ነው። ጉድጓዱ ኮንፊ የሚባል የጎሳ ባለመብት አለው፤ ባለመብቱም እንኳ እንዳሻው አይሆንም። በኋላ ዘመን በአካባቢው የሞተር ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ውሃ በዛ፤ ተራ የሚያስጠብቅ ግን አልነበረም። ከብቱም ሰዉም በአንድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ሰፈረ፣ ግጦሹ ተራቆተ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና የከፈለውን ዋጋ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

የአስተዳደር ጉዳይ ሲነሣ በወረቀት ደረጃ አገራችን አትታማም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሀብትን የሕዝብና የመንግሥት አድርጎ፣ ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ ሰጥቶ፣ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርገዋል፤ ተገቢም ነው፤ ድሃ ገበሬ ጓሮው ለቆፈረው ጉድጓድ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተት። ሆኖም ከተማ እየሰፋ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሀዌላ ቱላ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ሰፊው ክፍሉም እስካሁን የገጠር ቀበሌ ነው። ወደ ይርጋለምና ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ እንሰቱ እየተነሣ ቤት ይተከላል። ከእያንዳንዱ ቤት ጋር የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ፤ ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሁለቱ ጉድጓዶች በምን ያህል ርቀት ላይ ናቸው? ውሃው ወደየትኛው ይፈስሳል? ድሬዳዋ ሙሉ በሙሉ በከርሰ ምድር ውሃ የምትኖር ከተማ ናት፤ በሳቢያን የጉድጓድ መስኳ ናይትሬት ከፍ ማለቱን ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል። የከተማ እዳሪ ወደ መጠጥ ውሃ ሲደርስ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ወጣቶች «ታዲያ የት እንማር?» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መረጃው በእጃችሁ ስልክ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ውሃ ለማጥናት አገሪቱ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ስሙ ቀድሞ ይጠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ሃይድሮጂኦሎጂ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ፕሮፌሰር ተናለም አየነውና ፕሮፌሰር ሰይፉ ከበደ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በአገሪቱ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የጻፏቸው መጻሕፍት ለማንኛውም ጀማሪ መነሻ ናቸው። እዚያው የአፍሪካ የውሃ አስተዳደር የልህቀት ማዕከልም አለ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደጃችሁ ነው፤ የእርሻ ኮሌጁ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅም ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የተከፈቱ ናቸው። ውሃንና ደንን አብሮ ለማጥናት የሚመች ጎረቤት ነው።

ውጭ ለመሄድ ለምታስቡ፣ ርዕሱን ቃል በቃል የሚያስተምር አንድ ፕሮግራም አለ። በአውሮፓ ኅብረት የኤራስመስ ሙንዱስ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የከርሰ ምድር ውሃና የዓለም ለውጥ ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ተማሪው በሊዝበን ይጀምራል፣ ወደ ኔዘርላንድ ዴልፍት ይሻገራል፣ ቀጥሎ ወደ ጀርመን ድሬስደን። የነጻ ትምህርት ዕድል አለው፤ ውድድሩ ብርቱ ነው። ዴልፍት ያለው አይኤችኢ የሚባለው የውሃ ትምህርት ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የታዳጊ አገር የውሃ ባለሙያዎችን ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አልፈውበታል። ሒሳባችሁን አጠንክሩ፣ ኬሚስትሪን አትናቁ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ልመዱ። የማመልከቻ ደብዳቤያችሁ «ለአገሬ መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎ እንዳይቀር፤ መራጮቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ከአመልካቹ ሁሉ ያነባሉ። አንድ የተወሰነ ችግር፣ አንድ የተወሰነ ቦታ ይኑራችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ምናልባት አንዳንድ ባልደረቦቼን ያስቀይም ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ብዙዎቹ ከሳተላይት በወረደ መረጃና በኮምፒውተር ሞዴል የተሠሩ ናቸው። ሞዴሉ ያምራል፣ ካርታው በቀለም ተውቧል፣ እ.ኤ.አ. በ2050 የውሃው መጠን ምን ያህል እንደሚሆን ይተነብያል። ከተማሪው ዩኒቨርሲቲ አጥር ውጭ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ግን ዛሬ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የለካ የለም። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፤ ለመስክ የሚተርፈው ጥቂት ወር ነው፤ የመስክ አበሉም ከትራንስፖርት አያልፍም። የከርሰ ምድር ውሃ ግን በወራት ውስጥ ጠባዩን አያሳይም። በደረቅ አካባቢ ያለ የመሬት ውሃ የሚሞላው አንዳንዴ በየዓመቱ ሳይሆን ከስንት ዓመት አንዴ በሚጥል ኃይለኛ ዝናብ እንደሆነ በአፍሪካ ለአሥርተ ዓመታት የተመዘገቡ ጥቂት ጉድጓዶች አሳይተዋል። ያን ማወቅ የተቻለው ሌላ ሰው ቀደም ብሎ በየወሩ ገመድ እየጣለ ስለለካ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ከተማ የምመኘው አንድ ጎበዝ ተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ ቅብብል ነው። አንዱ ተማሪ አሥር ጉድጓድ መርጦ መለካት ይጀምር፣ ቀጣዩ በነዚያው ጉድጓዶች ላይ ይቀጥል፣ ሦስተኛው ፍሎራይዱንና ናይትሬቱን ይጨምር። መሣሪያው ዲፕ ሜትር ነው፤ ሜትር ምልክት ያለበት ገመድ፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ዘግይተናል አትበሉ፤ ካሊፎርኒያ እንኳ ያን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይዛ የከርሰ ምድር ውሃ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ያውም ጉድጓዶች ደርቀው፣ መሬት ሰምጦ ካየች በኋላ። ሕጉም እያንዳንዱ አካባቢ ራሱ ለክቶ ራሱ እንዲያስተዳድር ያስገድዳል፤ ሚዛኑን እንዲጠብቁ እጅግ ለተሟጠጡት አካባቢዎች የተሰጠው ቀጠሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2040 ድረስ ነው። ረጅም ቀጠሮ ነው፤ መሬት ግን ቸኩሎ አይመለስም።

ለሲዳማ ሕዝብ ደግሞ በተከታታይ መመልከት እንግዳ ነገር አይደለም። ፊቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እየተከታተሉ፣ እውቀቱን ከአባት ለልጅ እያወረሱ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. በቅርስነት ሲመዘግብ ይህ የምልከታ ባህል አብሮት ነበረ። ሽማግሌዎቻችን፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ሳለ ውሃው እስከምን ይደርስ እንደነበር የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። ተማሪ ደብተር ይዞ ቢመጣ አትሰልቹ፤ ለሳይንሱ ከሳተላይቱ በፊት ያለው መዝገብ የእናንተ ትዝታ ነው። ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ ክዳኑን ክፈቱለት። ግብር ሊጥሉብኝ ነው የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ለዚህም የውሃ አገልግሎቱ ሰዎች እዚሁ ስላላችሁ፣ ለጥናት የተሰጠ መረጃ ለሌላ እንደማይውል በሕዝብ ፊት ብትናገሩ ሥራው ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ቢሮ ውስጥ ያለውንም የቁፋሮ ሪፖርት፣ የፓምፒንግ ቴስት ውጤቱን፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ለተማሪ አውጡ። ሲቆፈር የተመዘገበው የውሃ ጥልቀት ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ለአንድ ማስተርስ የሚበቃ ጥያቄ ይወጣዋል።

እኔ የያዝኩት ይህን ያህል ነው። ቀሪው ሰዓት የጥያቄ ነው። ተማሪዎች ስለ ማመልከቻና ስለ እንግሊዝኛ ፈተና የምትጠይቁትን በኋላ እዚሁ ቆይቼ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጓሮው ጉድጓድ ያለው ሰው ይናገር፤ ዘንድሮ በበጋው ውሃው ስንት ክንድ ወረደ?